የተላላፊ በሽታ ማግለያ በንግድ ኃላፊነት መድን፦ በፖሊሲው ውስጥ መጻፉ ማሳወቅ ነውን?

ነጋዴ የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት መድን የሚገዛው በአንድ ግልጽ ስጋት ምክንያት ነው። ደንበኛው፣ እንግዳው ወይም በደጁ ያለፈ መንገደኛ «በአንተ ጥፋት ተጎዳሁ» ብሎ ቢከሰው፣ ካሳውንም ሆነ የጠበቃውን ወጪ የሚሸከምለት ይፈልጋል። የጉዳቱ መንገድ ብዙ ነው፤ እርጥብ ወለል ላይ መንሸራተት፣ ከጣሪያ የወደቀ ቆርቆሮ፣ የተበከለ ምግብ። ከእነዚህ መካከል የመጨረሻው፣ በሰፊው ሲታይ ደግሞ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ማንኛውም በሽታ፣ በአንዲት ገጽ ተቀጽላ ከብዙ ፖሊሲዎች ሽፋን ውጭ ሆኗል። የወጣበትን ምክንያት መረዳት አያዳግትም። ይበልጥ የሚያከራክረው፣ ሽፋኑ መውጣቱን መድን ገቢው መቼና እንዴት ማወቅ ይገባዋል የሚለው ጉዳይ ነው።

ይህ አጭር ጽሑፍ የሚመረምረው አንድ ጥያቄ ነው፦ ማግለያ በፖሊሲው ሰነድ ውስጥ ታትሞ መገኘቱ ብቻውን ለመድን ገቢው ተነግሯል ያሰኛልን? ለመልሱ መነሻ የሚሆነው በአሜሪካ ገበያ የሚሠራበት መደበኛ ቅጽ ነው፤ ቃሉ በደንብ የሚታወቅና ለብዙ ተመሳሳይ ድንጋጌዎች አብነት የሆነ በመሆኑ። ከዚያ የኒው ዮርክ፣ የካሊፎርኒያ፣ የእንግሊዝና የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ማሳወቅን እንዴት እንደሚያዩ በአጭሩ ይታያል። በመጨረሻም የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለዚህ ጉዳይ የሚለው ይመረመራል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ሕጋችን በተለምዶ ከሚገመተው የበለጠ ይናገራል።

ማግለያው የሚለው

በአሜሪካ አብዛኞቹ መድን ሰጪዎች የንግድ ኃላፊነት ፖሊሲያቸውን የሚያዋቅሩት ኢንሹራንስ ሰርቪስስ ኦፊስ የተባለው ድርጅት በሚያዘጋጃቸው ቅጾች ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ምግብ ቤት የከፈቱ ኢትዮጵያውያን የሚፈርሙት ውልም በአብዛኛው በእነዚሁ ቅጾች ላይ የተገነባ ነው። ድርጅቱ ለንብረት መድን የቫይረስና የባክቴሪያ ማግለያ ያዘጋጀው ሳርስ እስያን ካስጨነቀ ከ3 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ነበር። ለኃላፊነት መድን የሚያገለግለው «ሲጂ 21 32» የተባለው የተላላፊ በሽታ ማግለያ ደግሞ የ2009 እትም ነው። ሁለቱም ከኮቪድ-19 በፊት የነበሩ ናቸው። ስለዚህ «ማግለያው የወረርሽኙ ልጅ ነው» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም፤ ወረርሽኙ ያደረገው በመሳቢያ የተቀመጠውን ገጽ በየፖሊሲው ላይ እንዲለጠፍ ማፋጠን ነው።

የቅጹ ይዘት አጭር ነው። ተላላፊ በሽታ ከመተላለፉ፣ ወይም ተላልፏል ከመባሉ፣ የመነጨ የአካል ጉዳት፣ የንብረት ጉዳት እንዲሁም የግል መብት ጥሰትና ከማስታወቂያ ሥራ የሚመነጭ ጉዳት አይሸፈንም። ክሱ የተመሠረተው በመድን ገቢው ቸልተኝነት ላይ ቢሆንም ማግለያው ይሠራል። በበሽታው ሊያዝ የሚችልን ሰው መቅጠር፣ ማሠልጠንና መቆጣጠር፣ ምርመራ ማድረግ፣ ሥርጭቱን አለመከላከል፣ ለሚመለከተው ባለሥልጣን አለማሳወቅ የሚሉት የክስ መነሻዎች ሁሉ አስቀድመው ተዘርዝረዋል።

በዚህ አጭር ቃል ውስጥ አንባቢ በቀላሉ የሚያልፋቸው ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው «ተላልፏል ከመባሉ» የሚለው ሐረግ ነው። የአሜሪካ የንግድ ኃላፊነት ፖሊሲ ሁለት ግዴታዎችን ያጣምራል፤ ካሳ መክፈልና በፍርድ ቤት መከላከል። መድን ሰጪው የመከላከል ግዴታ እንዳለበት የሚታወቀው በዋነኛነት የክሱን ጽሑፍ ከፖሊሲው ቃል ጋር በማነጻጸር ነው። ማግለያው ለተባለው ሁሉ የሚሠራ ከሆነ ግን፣ ክሱ መሠረተ ቢስ ቢሆንም እንኳ መድን ሰጪው ጠበቃ የማቆም ግዴታ አይኖርበትም። ለትንሽ ድርጅት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚከብደው ካሳው ሳይሆን ጠበቃው ነው። በሽታ ከየት እንደመጣ ለማስረዳት ባለሙያ ምስክር፣ የላቦራቶሪ ውጤትና ረጅም ክርክር ያስፈልጋል። ከሳሹ ባያሸንፍም ተከሳሹ ወጪውን ከፍሎ ጨርሷል።

ሁለተኛው፣ ቅጹ «ተላላፊ በሽታ» ምን ማለት እንደሆነ አለመተርጎሙ ነው። ኮቪድ-19 እንደሚገባበት አያጠራጥርም። ሄፓታይተስ ኤስ? በ2003 በፔንሲልቬንያ በአንድ ምግብ ቤት በተበላ አረንጓዴ ሽንኩርት ምክንያት ከ550 በላይ ሰዎች በዚህ በሽታ ተይዘው ነበር። ምግብ ቤቱ በምግብ መመረዝ የሚከሰስ መስሎት ፖሊሲ ቢገዛ፣ በሽታው ተላላፊ ስለሆነ ከሽፋን ውጭ ነህ ሊባል ይችላል። የሌጂዮኔላ ጉዳይ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። በ1976 በፊላደልፊያ ሆቴል ከተከሰተው ወረርሽኝ በኋላ ስሙን ያገኘው ይህ ባክቴሪያ በአብዛኛው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የሚመጣው ከውኃና ከማቀዝቀዣ ሥርዓት በሚወጣ ጉም ነው። ይህ «መተላለፍ» ነው ወይስ አይደለም? ትርጉም የሌለው ቃል ለሁለቱም ወገን ጠበቃ በሩን ከፍቶ ይተዋል።

እዚህ ላይ የሁለት ቅጾች ግጭት መጥቀስ ተገቢ ነው፤ የማሳወቅን ችግር በተግባር ያሳያልና። «ሲጂ 21 67» የተባለ ሌላ የሻጋታና የባክቴሪያ ማግለያ አለ። ይህኛው ለምግብነት በታሰበ ምርት ላይ ወይም ውስጥ ያለን ባክቴሪያ በግልጽ ከማግለያው ነጻ ያደርጋል። ባለምግብ ቤቱ ይህንን ገጽ ቢያነብ «የምግብ ጉዳይ ተሸፍኗል» ብሎ ያርፋል። ጥቂት ገጾች ዝቅ ብሎ ያለው «ሲጂ 21 32» ግን እንዲህ ያለ ነጻነት የለውም። ስለዚህ አንዱ የተወለትን ሌላው ሊወስድበት ይችላል። እያንዳንዱ ገጽ ለብቻው ሲነበብ ግልጽ ነው፤ አሳሳች የሚሆነው ሁለቱ አብረው ሲነበቡ ነው። በሕግ ትምህርት ቤት የሰለጠነ ሰው እንኳ ይህን ለማየት ገጾቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይኖርበታል።

በለንደን ገበያ ሁኔታው ሌላ መልክ ያዘ። የሎይድስ ገበያ ማኅበር በ2020 የጸደይ ወራት ለልዩ ልዩ የመድን ዓይነቶች የተላላፊ በሽታ ድንጋጌዎች አወጣ፤ ለንብረት «ኤልኤምኤ 5393»፣ ለኃላፊነት ደግሞ «ኤልኤምኤ 5396» ይጠቀሳሉ። የንብረቱ ድንጋጌ ከአሜሪካው በተቃራኒ ትርጉም ይሰጣል፤ ትርጉሙም በጣም ሰፊ ነው። ቫይረስም ሆነ ባክቴሪያ ወይም ጥገኛ ተሕዋስ፣ በአየርም ሆነ በአካል ፈሳሽ ወይም በዕቃ ገጽታ፣ ከሕያው ወደ ሕያው የሚተላለፍ ማንኛውም በሽታ ይገባበታል።

መድን ሰጪዎች ይህን ማድረጋቸው በራሱ የሚያስነቅፍ አይደለም። መድን የሚቆመው ጉዳቶች በአንድ ጊዜ ሁሉም ላይ አይደርሱም በሚል ስሌት ነው፤ ወረርሽኝ ግን ይህን ስሌት ያፈርሳል። ክርክሩ ማግለል ይቻላል ወይ በሚለው ላይ አይደለም።

ሌላም መለየት ያለበት ነገር አለ። በ2020 እና በ2021 ብዙ የተጻፈበት የመድን ሙግት የሥራ መቋረጥ መድን ነበር። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጥር 2021 የፋይናንስ ምግባር ባለሥልጣን በአርች እና በሌሎች መድን ሰጪዎች ላይ ባቀረበው ክርክር የወሰነው፣ በሽታው በ25 ማይል ክልል ውስጥ መከሰቱን የሚጠይቁትን የመሰሉ የሽፋን ቃላት እንዴት እንደሚተረጎሙ ነው። ያ ጉዳይ የራስን ኪሳራ ይመለከታል፤ የኃላፊነት መድን ግን በሌላ ሰው መከሰስን ነው። የመጀመሪያውን የዘጋ ድርጅት ምን እንዳጣ ወዲያው ያውቀዋል። ሁለተኛውን የሚያውቀው ግን የክስ መጥሪያ ሲደርሰው ነው፤ ያኔ ደግሞ ሌላ ፖሊሲ መግዛት አይቻልም። በኃላፊነት መድን ማሳወቅ ይበልጥ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ሚዛኑ ያልተስተካከለ ግዴታ

የመድን ሕግ ስለ ማሳወቅ ሲናገር በልማድ የሚያስበው መድን ገቢውን ነው። ስለ አደጋው የሚያውቀውን ሁሉ መናገር ያለበት እርሱ ነው፤ ቢደብቅ ውሉ ሊፈርስበት ይችላል። የእንግሊዝ የ2015 የመድን ሕግ በክፍል 3 ይህን ግዴታ «ሚዛናዊ አቀራረብ» ብሎ አሻሽሎታል። የእኛም የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ በቁጥር 667 እና 668 ተመሳሳይ ግዴታ ይጥላል። መድን ሰጪው በበኩሉ ስለ ራሱ ሸቀጥ የሚያውቀውን፣ ማለትም ሽፋኑ የት ላይ እንደሚያበቃ፣ የመናገር ግዴታው ግን በዚያው ልክ አልተጻፈም።

የእንግሊዝ ሕግ ግማሽ መንገድ ሄዷል። በክፍል 17 መሠረት መድን ሰጪ የንግድ ደንበኛውን ሕጉ ከሰጠው ጥበቃ በታች የሚያወርድ ቃል በውሉ ማስገባት ከፈለገ፣ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ያንን ቃል ወደ መድን ገቢው ትኩረት ለማምጣት በቂ እርምጃ መውሰድ አለበት፤ ቃሉም ስለ ውጤቱ ግልጽና የማያሻማ መሆን ይኖርበታል። እርምጃው በቂ መሆኑ የሚመዘነው በመድን ገቢው ዓይነትና በግብይቱ ሁኔታ ነው። ነገር ግን ይህ ድንጋጌ የሚሠራው ሕጉ ስለ ማሳወቅ፣ ስለ ዋስትና ቃላትና ስለ መሰል ጉዳዮች የደነገገውን ለመቀነስ ሲባል ብቻ ነው። ተራ ማግለያ አይነካውም። የሽፋኑን ግማሽ የሚወስድ ገጽ ያለ ማስጠንቀቂያ ሲገባ፣ አንዲት የሥነ ሥርዓት ቃል ግን ጥሩንባ ተነፍቶላት ትገባለች። አመክንዮው ለዚህ ጸሐፊ አይታየውም።

የኒው ዮርክ የመድን ሕግ በቁጥር 3426 ጉዳዩን ከዕድሳት ጊዜ አንጻር ይይዘዋል። መድን ሰጪው የንግድ ፖሊሲን ሲያድስ ማግለያ ሊጨምር፣ ሽፋን ሊቀንስ ወይም አረቦኑን ከመቶ 10 በላይ ሊያሳድግ ካሰበ፣ ፖሊሲው ከሚያበቃበት ቀን በፊት ከ60 እስከ 120 ቀናት ባለው ጊዜ ምክንያቱን ገልጾ በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት። ማስታወቂያው ቢዘገይ ቅጣቱ ገንዘብ አይደለም፤ የቀድሞው ሽፋን በነበረበት ይቀጥላል። ፖሊሲው ካበቃ በኋላ ከተላከ ደግሞ ለሌላ የፖሊሲ ዘመን እንዳለ ይጸናል። ይህ ብልህ አሠራር ነው። ያልተነገረ ማግለያ እንደሌለ ይቆጠራል፤ መድን ገቢው ጉዳት እንዲያስረዳ አይጠየቅም፤ መድን ሰጪውም ማስታወቂያውን በወቅቱ ለመላክ የራሱ ጥቅም ያስገድደዋል። ጉድለቱ የመጀመሪያውን ግዢ አለመንካቱ ነው፤ ከመነሻው ማግለያ ያለበትን ፖሊሲ የገዛ ሰው የሚጠብቀው ማስታወቂያ የለም።

ይህን ክፍተት የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤቶች ለመሙላት ሞክረዋል። በ1962 የተወሰነው የስቲቨን ጉዳይ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። አንድ መንገደኛ በአውሮፕላን ማረፊያ ከሽያጭ ማሽን የጉዞ መድን ገዛ። መደበኛ በረራው ሲሰናከል በትንሽ ኪራይ አውሮፕላን ተሳፍሮ በአደጋ ሞተ፤ መድን ሰጪውም ሽፋኑ ለመደበኛ በረራ ብቻ ነው አለ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ገደቡ ለገዢው በግልጽ አልተነገረም ብሎ ለሟች ወገን ፈረደ። ማሽኑ ፖሊሲውን የሚያወጣው ገንዘቡ ከገባ በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል። በ2004 በተወሰነው የሄይንስ ጉዳይ ደግሞ ያው ፍርድ ቤት 250,000 ዶላር የነበረውን የተሽከርካሪ ኃላፊነት ጣሪያ፣ መኪናው በባለቤቱ ፈቃድ በሌላ ሰው ሲነዳ ወደ 15,000 ዶላር የሚያወርድ ቃልን ውድቅ አደረገ። ሽፋንን የሚቀንስ ቃል በቦታውና በአጻጻፉ ጎልቶ የሚታይ፣ በቋንቋውም ላላዋቂ ሰው የሚገባ መሆን አለበት የሚለው መለኪያ በዚህ ፍርድ ጸንቷል። ከእነዚህ ፍርዶች ጀርባ ያለውን ሐሳብ ሮበርት ኪተን በ1970 የመድን ገቢው ምክንያታዊ ጥበቃ ሊከበር ይገባል በማለት መልክ ሰጥቶት ነበር።

በእነዚህ ጉዳዮች የቀረበው ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ ስቲቨንም ሄይንስም ተራ ግለሰቦችን የሚመለከቱ ናቸው፣ ነጋዴ ግን የሚፈርመውን ማንበብ ይጠበቅበታል። ተቃውሞው ለአየር መንገድ ወይም ለሲሚንቶ ፋብሪካ ይሠራል። የራሳቸው የሕግ ክፍልና አማካሪ አላቸው። ስድስት ሠራተኛ ላለው ዳቦ ቤት ወይም በኪራይ ቤት ለተከፈተ መዋዕለ ሕፃናት ግን አይሠራም። የአውሮፓ ኅብረት የ2016 የመድን ሥርጭት መመሪያ ልዩነቱን በዚህ መልክ ወስዶታል፤ የምርት መረጃ ሰነድ ከውሉ በፊት እንዲሰጥ ሲያዝ ትላልቅ አደጋዎችን ብቻ ነጻ አድርጓል። ሰነዱ እንደ ደንቡ ከሁለት ገጽ አይበልጥም፤ ያልተሸፈነው ነገር በቀይ የኤክስ ምልክት ተለይቶ ይቀመጣል። ሁለት ገጽ ሁሉንም ማግለያ አይይዝም፤ ይሁን እንጂ የቱ ማግለያ ይጠቀስ የሚለውን ምርጫ መድን ሰጪው እንዲያደርግና ለምርጫውም እንዲጠየቅ ያደርጋል።

ወደ ሕጋችን

በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 የ1952ቱን የንግድ ሕግ በከፊል ቢተካም፣ ስለ ማጓጓዝና ስለ መድን የሚደነግገው ሦስተኛው መጽሐፍ በሥራ ላይ ነው። መጽሐፉ ስለ መድን ገቢው የማሳወቅ ግዴታ በዝርዝር ይናገራል፤ ስለ መድን ሰጪው ዝም ባለበት ቦታ ግን ክፍተት አለ ብሎ መደምደም ስህተት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1676 መሠረት የውል ጠቅላላ ድንጋጌዎች በማናቸውም ዓይነት ውል ላይ ይሠራሉ፤ የመድን ውልም ውል ነው።

ብዙዎች ወዲያው የሚሄዱት ወደ ትርጉም ደንብ ነው። ቁጥር 1738 አሻሚ ቃልን በግዴታ ለተያዘው ወገን በሚጠቅም መንገድ እንዲተረጎም ያዛል። ይህ ለሌጂዮኔላ ጥያቄ ሊጠቅም ይችላል። ለኮቪድ-19 ወይም ለሳንባ ነቀርሳ ግን አይጠቅምም፤ ቃሉ እዚያ ላይ አሻሚ አይደለም። ቁጥር 1733 ደግሞ የውሉ ቃል ግልጽ በሆነ ጊዜ ዳኞች ከዚያ እንዳይርቁ ይከለክላል። የማሳወቅ ችግር የሚነሳው ቃሉ ግልጽ ሆኖ ሳለ መድን ገቢው ሳያየው ሲቀር በመሆኑ፣ መፍትሔው ከትርጉም ደንብ አይገኝም። ሊገኝ የሚችለው ውል ከሚመሠረትባቸው ደንቦች ነው።

እዚህ ላይ ቁጥር 1686 ዋናውን ቦታ ይይዛል። በዚህ ቁጥር መሠረት አንዱ ተዋዋይ የሚሠራባቸው አጠቃላይ የሥራ ሁኔታዎች ሌላውን ወገን የሚያስገድዱት፣ እርሱ አውቆ የተቀበላቸው እንደሆነ፣ ወይም በመንግሥት ባለሥልጣን የተደነገጉ ወይም የጸደቁ እንደሆነ ብቻ ነው። ማወቅና መቀበል ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሁለቱም መሟላት አለባቸው። በብዛት ታትሞ ለሁሉም ደንበኛ የሚሰጥ የማግለያ ገጽ ከአጠቃላይ የሥራ ሁኔታ ሌላ ምን ሊባል እንደሚችል መገመት ያስቸግራል።

መድን ሰጪው በዚህ ላይ ሊያነሳቸው የሚችሉ መከራከሪያዎች አሉ። «መድን ገቢው የማመልከቻ ቅጹን ሲፈርም የኩባንያውን ሁኔታዎች እቀበላለሁ ብሏል» የሚለው የተለመደው ነው። ፊርማው መቀበልን ያስረዳ ይሆናል፤ ማወቅን ግን አያስረዳም፤ በተለይ ሁኔታዎቹ ከማመልከቻው ጋር ካልተያያዙ። እንደ ካሊፎርኒያው ማሽን ሁሉ ፖሊሲው የሚታተመው አረቦን ከተከፈለ በኋላ ከሆነ፣ በውሉ ቀን የሚታወቅ ነገር አልነበረም። በአገራችን የኃላፊነት ፖሊሲዎች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የሚዘጋጁ መሆናቸው ጉዳዩን ያከብደዋል። በማያነበው ቋንቋ የተጻፈን ገጽ የተረከበ ሰው ወረቀት ተረክቧል እንጂ ሁኔታውን አውቋል ለማለት አይቻልም።

ሁለተኛው መከራከሪያ «ፖሊሲው ደርሶት ዝም ብሏል» የሚለው ነው። በቁጥር 1682 ዝምታ እንደ መቀበል አይቆጠርም። እርግጥ ቁጥር 1684 በመካከላቸው የቆየ የውል ግንኙነት ላላቸው ወገኖች ልዩ ደንብ አስቀምጧል፤ ነባሩን ውል ለማራዘም ወይም ለመለወጥ የቀረበ ሐሳብ በተገቢው ጊዜ ካልተነቀፈ እንደተቀበሉት ይቆጠራል። ነገር ግን ይህ እንዲሆን ሐሳቡ ለብቻው በተዘጋጀ ሰነድ መቅረብ፣ ሰነዱም ምላሽ ካልተሰጠ እንደተቀበሉት እንደሚቆጠር ማስታወቅ አለበት። ለዕድሳት ጉዳይ ይህ ድንጋጌ እጅግ ጠቃሚ ነው። ሕጋችን የኒው ዮርክን ያህል የቀን ቁጥር ባያስቀምጥም፣ ያለ ልዩ ሰነድ በዕድሳት ላይ የተጨመረ ማግለያ በዝምታ አይጸናም የሚል ክርክር ለማቅረብ የሚያበቃ ጽሑፍ አለ። ጠበቆቻችን ይህን ቁጥር ከመድን ዕድሳት ጋር አገናኝተው ቢሟገቱበት መልካም ነበር።

ጠንካራው መከራከሪያ ሦስተኛው ነው፤ «ቅጹ በተቆጣጣሪው ታይቷል» የሚለው። ቁጥር 1686 በባለሥልጣን የጸደቀን ሁኔታ ከማወቅ መለኪያ ነጻ ያደርጋል። መልሱ የሚወሰነው ማጽደቅ በሚለው ቃል ስፋት ነው። ተቆጣጣሪው አንድን ቃል መርምሮ ለሕዝብ ተገቢ ነው ካለ፣ ሕጉ የተቆጣጣሪውን ምርመራ በመድን ገቢው ዕውቀት ምትክ ያስቀምጣል፤ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለፋይል ያህል የተላከ ቅጽ ግን ማንም አልመረመረውም። ከውጭ አገር የጠለፋ መድን ውል በቀጥታ የተቀዳ ድንጋጌን «ጸድቋል» ማለት የምትኩን ምክንያት ባዶ ያደርገዋል። ስለዚህ ነጻነቱ ለተመረመሩ ቃላት ብቻ በጠባቡ ሊተረጎም ይገባል።

የጠለፋ መድን ነገር ከተነሳ ዘንድ፣ ማግለያው ወደ አገራችን የሚገባበት ዋናው በር ይኸው መሆኑን መጥቀስ ያሻል። ኢትዮጵያን ሪ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ቢጀምርም፣ የአገር ውስጥ መድን ሰጪዎች ትልልቅ አደጋዎችን ለዓለም አቀፍ ገበያ ማካፈላቸው አልቀረም። የውጭው ተቀባይ የተላላፊ በሽታ ድንጋጌ በውሉ ላይ ሲጭን፣ የአገር ውስጡ ኩባንያ ሁለት ምርጫ ይኖረዋል፤ ማግለያውን ለደንበኛው ማውረድ፣ ወይም አደጋውን በራሱ ካፒታል መሸከም። ማውረዱ የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን የጠለፋው ውል በተለወጠበት ቀንና የደንበኛው ፖሊሲ በሚታደስበት ቀን መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ ክፍተቱን ለመዝጋት መቸኮል ደግሞ ማግለያው ያለ ማስታወቂያ በዕድሳት ሰነድ ውስጥ እንዲሾልክ ይገፋፋል። ማግለያው በቁጥር 1686 መሠረት ቢወድቅ የቀረው ውል ይጸናል፤ ኩባንያውም ጠለፋ በሌለው ሽፋን ካሳ ይከፍላል። ውጤቱ ለኩባንያው ከባድ መሆኑ አይካድም። ሆኖም ለውጡን ያወቀውና ለማስታወቅም አንዲት ገጽ ብቻ የሚጠይቀው እርሱ ነው።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ ግልጽነትንና መረጃ መስጠትን የቁጥጥር ጉዳይ አድርጓል። በዚህ መሠረት ላይ ለኃላፊነት መድን የተለየ የማግለያ ማስታወቂያ ቢጨመር አዲስ አዋጅ አያስፈልግም። ማስታወቂያው ረጅም መሆን የለበትም። ለምሳሌ ለአንድ ሆቴል የሚሰጠው እንዲህ ሊል ይችላል፦

«ይህ ፖሊሲ እንግዳዎ ወይም ሌላ ሰው በድርጅትዎ ተላላፊ በሽታ ያዘኝ ብሎ ቢከስዎ ካሳ አይከፍልም፤ ክሱ እውነት ባይሆንም የጠበቃ ወጪ አይሸፍንም። በምግብ ወይም በውኃ የሚተላለፉ እንደ ታይፎይድና ኮሌራ ያሉ በሽታዎች በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ባለፈው ዓመት ፖሊሲዎ ይህ ገደብ አልነበረም። ሽፋኑን በተጨማሪ አረቦን መግዛት ይችሉ እንደሆነ ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ።»

ከእነዚህ ዐረፍተ ነገሮች ኩባንያዎች ይበልጥ የሚከብዳቸው ሦስተኛው ሳይሆን አይቀርም፤ የቀነሱትን በራሳቸው አፍ እንዲናገሩ ያደርጋቸዋልና። የምግብና የውኃ ወለድ በሽታዎች ነገር ግን በዝምታ ሊታለፍ አይገባም፤ የአገራችን ሆቴልና ምግብ ቤት ክስ የሚፈራው በቅድሚያ ከዚያ አቅጣጫ ነው። ኩባንያው እነዚህን ማግለል ካልፈለገ በማስታወቂያው «አይገቡም» ብሎ ይጻፍ፤ ያን ጊዜ ራሱ የጻፈው ቃል ይይዘዋል። ማስታወቂያው በአማርኛ ወይም በአካባቢው የሥራ ቋንቋ ሆኖ ከማመልከቻው ጋር፣ አረቦን ከመከፈሉ በፊት፣ ለብቻው ይፈረማል። ደላላ ወይም ወኪል ባለበት ግብይት ማስታወቂያውን የሰጠው ሰው ስምና ቀን በዚያው ገጽ ላይ ይሰፍራል፤ በኋላ ክርክር ቢነሳ መድን ገቢው ማወቁን የሚያስረዳው ይህች ገጽ ናት። የሠራተኞች ጉዳይ ግን በዚህ ማስታወቂያ ውስጥ መቀላቀል የለበትም፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወረርሽኝ በሽታ በሥራ ምክንያት የመጣ በሽታ የሚባለው በሽታውን በመዋጋት ሥራ ላይ ብቻ ለተሰማሩ ሠራተኞች በመሆኑ፣ የአሠሪ ኃላፊነት መድን የራሱ የተለየ ማስታወቂያ ይፈልጋል።